ስሙን ያልጠራ አይበላም

መምህሩ የሞቱት ማዕድ ላይ ነው፤ ማንኪያው እንኳ ከእጃቸው አልወደቀም። ጉሮሯቸው አብጦ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። ኦቾሎኒ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠላታቸው እንደነበር የማያውቅ አልነበረም።

መርማሪዋ ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀረው ጉልበት ደረጃ አይወድም። ፖሊሱ የቤት ሠራተኛዋን ጥግ አስቀምጦ እጇን በካቴና አስሯል። ያበሰለ ይያዛል፤ ድሃ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይያዛል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ሦስት ድስቶች፣ በየክዳናቸው ላይ ካርድ።

«ይሄ ምን የሚሉት ጽሑፍ ነው?»

«ክሊንጎን» አለ ቋንቋውን ከመምህሩ የሚማረው ልብስ ሰፊ። «ፊልም ሠሪዎች ለጠፈር ተዋጊዎች የፈጠሩት ቋንቋ። ‹ሃዲባህ› ሥጋ ነው። ‹ቻብ› በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር። ‹ቃግ› ደግሞ ከነሕይወቱ የሚበላ ትል።»

«የምን ትል! ፓስታ ነው» አለች ሠራተኛዋ። «ጥርስ ስለሌላቸው ሌላ አይበሉም።»

«እዚህ ቤት በዚህ ቋንቋ ስሙን ያልጠራ አይበላም» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ አንዴ ሥጋውን ተሳስቼ ጠርቼ ባዶ ሆዴን ሄጃለሁ።»

መርማሪዋ የፓስታውን ድስት አየች። የተፈጨ ኦቾሎኒ አይብ መስሎ ከላዩ ተነስንሷል፤ አልተማሰለም። የሁለቱ ድስቶች ክዳን ግን እንደታሰረ ነው።

«ማን አሰረው?»

«እሳቸው» አለች ሠራተኛዋ። «ወጥ ቤት ቀምሰው፣ በጨርቅ አስረው፣ ካርዱንም ራሳቸው አድርገው ወደዚህ አመጡ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ፤ ሲመለሱ ከልብስ ሰፊው ጋር ገቡ።»

«ያኔ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ» አለ የመምህሩ ታናሽ ወንድም። «ግን የቱ የሱ ድስት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የዚያን ቅዠት አንድ ቃል አላውቅም።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሁሉንም አስቀመጠች።

«ወጥ ቤት ቀምሰው ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ሠራተኛዋ አይደለችም፤ ካቴናውን ፍቱላት። ልብስ ሰፊው ከመምህሩ ጋር ነው የገባው። ኦቾሎኒውን የነሰነሰው ሰው ሌላ ክዳን አልነካም፤ ካርዱን አንብቦ በቀጥታ ሄዷል።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «ከወንድምዎ ጋር ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ሃያ።»

«ማዕዱስ?»

«አንድ ነው።»

«ስሙን ያልጠራ በማይበላበት ቤት፣ አንድ ቃል ሳያውቁ ሃያ ዓመት ምን በልተው ኖሩ?»

ሰውየው ጠረጴዛውን አየ። ለመዋሸትም ደክሞት ነበር።

«ሲርበኝ ስሙን ልጠራ እንደ አውሬ አጉረመርማለሁ፤ እሱ ይስቃል። ‹አልተስተካከለም፣ ድገም› ይላል። በስልሳ ዓመቴ! አንድ ቀን እንኳ ‹ብላ ወንድሜ› አላለኝም።»

«ትተው አይሄዱም ነበር?»

«ወዴት?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሠራተኛዋ እጅ ፈትቶ ወደ እሱ መጣ።

«ውሃ» አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው።

ሠራተኛዋ ካቴናው ያቀላውን እጇን እያሻሸች ተነሳች። ብርጭቆ ሞልታ አመጣች።

«እኔን ሲያስሩኝ እርስዎ ዝም ብለው አዩ» አለችው። «እንካ፣ ጠጣ።»

አንቱታውን የነሳችው ያኔ ነው። ውሃውን ግን አልነሳችውም።