ሻምበል ወዬሳና የወለደችው እፉኝት

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር አጋማሽ፣ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በላይ አዲስ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ከቆላ በመኪና ተጭኖ የመጣው ድንጋይም በእድሩ ቤት ደጃፍ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር። አንድ ማለዳ ከክምሩ ሥር እፉኝት ተገኘች፤ አጭርና ወፍራም፣ ጀርባዋ በጥቁርና በወርቅማ ምልክት የተሸለመ፤ በዙሪያዋም ገና የተወለዱ ልጆቿ ይርመሰመሱ ነበር።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የእድሩ ዳኛ ሻምበል ወዬሳ፣ ዘመናቸውን በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ሲነፉ የኖሩት ጡረተኛ፣ ከሁሉ ቀደሙ።

«ልጆቿ ወጥተው የለም እንዴ? እንግዲያው እናቲቱ አልቆላታል» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ ቃለጽድቅ፤ «እፉኝት ሆዷን ልጆቿ ቀድደውት ትሞታለች፤ አባቶቻችን ያስተማሩን እንዲህ ነው።»

እፉኝቲቱ ንቅንቅ አላለችም፤ ሻምበልም አንስተው ሊጥሏት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

በዚህ ጊዜ የእባብ ተመራማሪዋ ልጃቸው ዶክተር ሌሊሴ ጎረቤት ደውሎላት ከቤቴል በታክሲ ደርሳ ሕዝቡን ሰንጥቃ ገባች። በየበረሃው ዞራ ያጣችው የእፉኝት ወሊድ በአባቷ እድር ደጃፍ! እልል ልትል ከጅላ ነበር፤ የአባቷ ቀኝ እጅ ወደ እፉኝቲቱ ሲሄድ ስታይ ግን ጮኸች።

«አባዬ፣ እጅዎን ይመልሱ! በሕይወት አለች!»

«ፈረንጅ አገር ተምረሽ ሬሳ መፍራት ጀመርሽ?»

«ሬሳ አይደለችም! ልጆቿን በሆዷ አሳድጋ በደኅና ትወልዳለች እንጂ አትቀደድም፤ ዝም ብላ መተኛቷም የአደን ልማዷ ነው።»

«መሪጌታ ዋሹ ማለትሽ ነው?»

«መሪጌታማ አልዋሹም፤ እሷ ግን ትምህርቱን አልሰማችም።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ሻምበል ግን በሰው ፊት ማፈግፈግን አልወደዱምና እጃቸውን ዘረጉ። ሌሊሴ የእድሩን የድንኳን ዘንግ ነጥቃ ከጣቶቻቸው ፊት ሰነዘረችው። እፉኝቲቱ እንደ ወናፍ ተነፍታ ፉጨቷን ለቀቀች፤ ዓይን ሳይከተላትም ዘንጉን ነደፈችው፤ ቢጫ መርዝ በእንጨቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ሻምበል ወደ ኋላ ተንገዳግደው ድንጋዩ ላይ ዘጭ አሉ። «ወይ ጉድ! እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ ነፍቼ አላውቅም!»

ሌሊሴ በዘንጉ እየገፋች የእድሩን ትልቅ ድስት በእናቲቱ ላይ ደፋችው፤ ከልደታቸው ጀምሮ መርዛም የሆኑትን ልጆቿንም በረጅም መቆንጠጫ እየለቀመች በርሜል ውስጥ አኖረቻቸው፤ ሁሉም በሕይወት ወደ ምርምር ቤት ሊሄዱ ነው።

«ከእንግዲህ በዚያ ድስት ማን ይበላል?» አሉ መሪጌታ።

«አራስ የተኛችበት ነው» አሉ ሻምበል፣ ከድንጋዩ ላይ እየተነሡ፤ «ገንፎ ይሠራበት።»

መንገዱ በተመረቀ ዕለት ሻምበል ወዬሳ ትራምፔታቸውን ይዘው በክብር ቆሙ። የዚያ ዘመን ታሪክ የመንገዱን ስፋትና የተመረቀበትን ቀን ይዟል፤ ያልተነደፈን እጅ ግን የሚጽፍ ታሪክ የለም። ሰው ሁሉ የሚቆረጠውን ሪባን ሲያይ፣ ሌሊሴ በትራምፔቱ ላይ የሚሯሯጡትን የአባቷን ጣቶች ታይ ነበር።