ዘጠኝ ዙር በጉልበት

ገበዙን ኮርቢኒያንን ማን እንደ ገደለው ያወጣሁት እኔ አፍራ ነኝ። የፖሊስ ኮሚሳሩ የመጣው ለወጉ ያህል ነው። ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ብቻ ብቀመጥም፣ በማሪያባህ ከተማ ከኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ያልነበርሽበትን ከየት አመጣሽው የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ በር የተሠራው ጆሮ እንዲለጠፍበት ነው እለዋለሁ።

ሬሳው የተገኘው በፍልሰታ ዋዜማ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ያገኘችው እናቴ ቫልቡርጋ ናት፤ የማርያምን ቤተ ጸሎት የምታጸዳው እሷ ናትና። ኮርቢኒያን መሰላሉ ሥር ተጋድሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ በእጁ ቡትቶ ጨርቅ ጨብጧል። ደሙ እናቴ ጠዋት በሰም ባሸችው ወለል ላይ እንደ ትናንት ሾርባ ረግቷል። ዝንቦቹ ከሁላችንም ቀድመው ደርሰዋል። ከራሱ በላይ ተሳላሚ የታመመ አካሉ እንዲድን ለስለት ያስገባው የሰም እግር፣ የሰም ጡት፣ የሰም ጆሮ ተሰቅሏል፤ በነሐሴ ሙቀት የአንዱ እግር አውራ ጣት ቀልጦ ጠብ ጠብ ይላል።

«መሰላሉ ተንሸራቶ ነው» አሉ የደብሩ ቄስ አባ ኢግናዝ። «ቫልቡርጋ፣ ሰም አታብዢ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ? ይኸው ሰው ገደልሽ!»

እናቴ መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በሷ ጥፋት ሞተ ከተባለ ወህኒ ትወርዳለች፤ እኔም የት እንደምገባ እግዜር ይወቅ።

ኮሚሳር አይግነር በቀትር ባቡር ደረሰ። ቀጭን፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። በክብሪት እንጨት ጥርሱን ይጎረጉርና ያወጣውን መልሶ ያየዋል። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ፣ ጣቱን ቁስሉ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ አሸተተው።

«ኧከከ!» አልኩ።

«ያስጠላት ትውጣ» አለ ዞር ሳይል። «አባ፣ መሰላል በሰም ወለል ላይ ቢንሸራተት ሁለት ረጅም ጭረት ይተዋል። እርስዎ ጭረት ይታይዎታል?»

«አይ... አይታየኝም።»

«ለኔም አልታየኝ። ደግሞ ከመሰላል የወደቀ ሰው ማጅራቱን ይመታል፣ ጎኑን ይሰበራል። ይህ ሰው የተፈነከተው መሃል አናቱን ነው። ወለል ተነስቶ አናት አይመታም።» በጥፍሩ ከቁስሉ ጥቁር የእንጨት ስንጥር መዘዘ። «ተገድሏል።»

ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ግን ወዲያው ጠየቀ፤ «ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ለጽዳት ተዘግቶ ነበር አላችሁኝ። ቁልፍ ያለው ማነው?»

ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። አንዷ እናቴ። ሁለተኛዋ የሰም እግርና እጅ የምትሠራው ክሬሰንዝ። ሦስተኛው የተሳላሚዎች ማኅበር አለቃ አቶ ሴባልድ። ሴባልድን የማያውቅ የለም፤ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በሁለት ክራንች መጥቶ በሁለት እግሩ የተመለሰ ሰው ነው። ክራንቾቹ የዳኑ ሰዎች ከተዉአቸው ከመቶ ሌሎች ጋር የቤተ ጸሎቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። በየዓመቱ ሁለት ሺህ ሰው እየመራ ይመጣና እኔ የማገለግልበት እንግዳ ማረፊያ ያርፋል። ሴቶች የኮቱን ጫፍ ይስሙለታል። ኮቱ ደግሞ በላብ የከረፋ ነው።

ኮሚሳሩ በእናቴ ጀመረ።

«ከአራት እስከ አምስት የት ነበሩ፣ እመት ቫልቡርጋ?»

«ምንጩ ዘንድ፣ ውሃ ልቀዳ። ሰልፍ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሁለት ሺህ ሰው አይቶኛል። የሚያውቀኝ ግን አንድም የለም።»

«ከሟቹ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም፤ እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት ከበሩ ኋላ ብቅ አልኩና «ጠብማ ምን ጠብ አለ!» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ‹አንድ ቀን ወድቀህ ትፈነከታለህ፣ ያኔ ደምህን እኔ አልወለውልም› አለችው እንጂ ሌላ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም!»

ኮሚሳሩ እያንዳንዷን ቃል ጻፋት። ከዚያ አንድ ፖሊስ ጠርቶ ከእናቴ ወንበር አጠገብ አቆመ። እናቴ አየችኝ።

ያበላሸሁትን ማቃናት የኔ ፋንታ ሆነ። ኮሚሳሩን ደጅ ላይ ያዝኩት።

«ገዳይዋን ልንገርዎት? እትዬ ክሬሰንዝ ናት። የሟቹ ፀጉር ላይ ሰም ነበር፤ እሷ ደግሞ እስከ ክርኗ ሰም ናት። ያምናውን የስለት እግር አቅልጣ ዘንድሮ ጡት አድርጋ ትሸጣለች! የታማሚ ላብና ትንፋሽ የጠጣ ሰም! ኮርቢኒያን ሊያጋልጣት ሲል ጨረሰችው።»

ክሬሰንዝ ከሱቋ ሆና ሰምታ ኖሮ ያንን የሚያህል ገላዋን እየጎተተች ወጣች። «አቅልጬ እሸጣለሁ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ? በጋሪ የሚያመጣልኝ ራሱ ኮርቢኒያን ነበር! ከአራት እስከ አምስት እዚህ ደጃፍ ከፓሳው ከተማ የመጡ አሥር ሴቶች ተሰልፈው ሲጨቀጭቁኝ ነበር፤ ሄደህ ጠይቃቸው ጌታዬ። አንቺ ደግሞ፣ ምላሰ ረጅም፣ አድጊና እንተያያለን!»

ኮሚሳሩ እጁን ሰዶ ከኔ ከራሴ ፀጉር ላይ የደረቀ የሰም ፍርፋሪ ለቀመ። «እዚህ ከተማ ሰም የሌለበት ፀጉር አምጪልኝና ያኔ እንነጋገራለን» አለ። የፓሳው ሴቶችም ተጠየቁ፤ ክሬሰንዝ አልዋሸችም። እንግዲህ የቀሩት እናቴና ያ ቅዱስ ሰውዬ ሆኑ።

ሴባልድ ገና ሳይጠየቅ ሱሪውን አሳየ። ጉልበቱ ላይ አቧራው ተጋግሮ ጨርቁ ተተልትሏል።

«መስቀል ተሸክሜ፣ የቤተ ጸሎቱን በረንዳ ዘጠኝ ዙር በጉልበቴ» አለ ዓይኑን ወደ ጣሪያው እያንከራተተ። «አራት ሰዓት ሲደወል ጀመርኩ፣ አምስት ሲደወል ጨረስኩ።»

«ማን አየዎት?»

«በጉልበቱ የሚሄድ ሰው የሚያየው መሬት ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያምዎታል?»

«ሕመሙ ራሱ ጸጋ ነው።» ፈገግ ሲል ድዱ ታየ። ኮሚሳሩ ፊቱን አላየውም፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው በታች ጥሎ ክብሪቱን ያኝክ ነበር። ስንፍና መሰለኝ።

ከዚያ ኮሚሳሩና እኔ ቤተ ጸሎቱን ወደ ከበበው በረንዳ ወጣን። ተሳላሚ ሁሉ ከግድግዳው ተደግፈው ከሚቆሙት ጥቋቁር የእንጨት መስቀሎች አንዱን ይሸከማል፤ ይዞራል፤ መልሶ ያቆማል፤ ሌላው ያነሳል። የላቡ፣ የእግሩ፣ የቅባቱ ሽታ አይጣል ነው። አንዲት አሮጊት በጉልበታቸው እየዳኹ መስቀል ተሸክመው ሲያልፉ ኮሚሳሩ ቆም አደረጋቸው።

«እማማ፣ ነጠላዎ ላይ ደም አለ።»

«አየህልኝ ልጄ?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እመቤቴ ደሜን ተቀበለችልኝ! ትከሻዬ ግን አንድ ፍሬ አልተላጠም፤ ተአምር ነው!»

ኮሚሳሩ መስቀሉን አዙሮ አየው። ጫፉ ላይ እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሽበት ፀጉር ተጣብቆ፣ የተሸካሚው ላብ ስላራሰው ደሙ ገና አልደረቀም። ሴትዮዋ ያንን ሦስት ዙር ተሸክመው፣ አንገታቸውን አስደግፈው፣ እየሳሙት ጸልየዋል። እኔ ሮጬ ከበረንዳው ጥግ ቁርሴን አወጣሁት።

ስመለስ ኮሚሳሩ ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ሟቹ የወጣበት መሰላል ላይ ቆሞ «ነይ ያዢልኝ» አለኝ። የተሰቀሉትን ክራንቾች የታች ጫፍ አንድ በአንድ ይዳብሳል። የሻማ ጭስ ለዘመናት ያጠቆራቸው ስለሆነ ጣቱ እንደ ከሰል ጠቆረ። አንዱ ጥንድ ዘንድ ሲደርስ ግን ጣቱ ንጹህ ሆኖ ተመለሰ። አወረደው። «ማርያም ረዳች፤ ሴባልድ» ይላል የተለጠፈው ሰሌዳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንንም የእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት ሰበሰበን። ቤቱ የኮመጠጠ ጎመንና የፈሰሰ ቢራ ይሸታል። እናቴ ከፖሊሱ ጋር ጥግ ላይ ናት። አባ ኢግናዝ መቁጠሪያቸውን ያፍተለትላሉ። ክሬሰንዝ ሁለት ወንበር ይዛለች። ሴባልድ መሃል ላይ እንደ ጳጳስ ተቀምጧል። ኮሚሳሩ በአሮጊቷ ጀመረ።

«እማማ፣ ዛሬ ስንት ዙር ሄዱ?»

«ሦስት ብቻ፣ ልጄ፤ አቅሜ ነው።»

«ጫማዎን ለሁሉም ያሳዩልኝ።»

አሮጊቷ እግራቸውን ዘረጉ። የጫማቸው አፍንጫ ድንጋዩ ላይ ተፍቆ ቆዳው ነጭ ሆኗል።

«በጉልበቱ የሚሄድ ሰው ከኋላው የጫማውን አፍንጫ ይጎትታል» አለ ኮሚሳሩ። «ሌላ መሄጃ የለም። ሦስት ዙር ይህን ካደረገ ዘጠኝ ዙር ምን ያደርጋል? አፍራ፣ የአቶ ሴባልድን ጫማ የሚጠርገው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ሌላ ጫማ የለውም፤ ያ አንዱም ሽታው አይቻልም።»

«ከዚያ ወዲህ ነክተሽዋል?»

«በቀን አንዴ እሱን ማሽተት አይበቃኝም?»

ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። የሴባልድ ጫማ አፍንጫ እንደ መስተዋት ያበራል። ሴባልድ እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ ግን ሁሉም አይቶታል።

«ጉልበትዎን አቧራ ላይ አሽተው አምጥተዋል፤ ጉልበት ይታያላ» አለ ኮሚሳሩ። «ዘጠኙን ዙር ግን አልሄዱም። ታዲያ ያን ሰዓት የት ነበሩ?» ክራንቾቹን ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። «ኮርቢኒያን ጳጳሱ ለሚመጡበት ለነገው በዓል ክራንቾቹን ይወለውል ነበር፤ ጨርቁ ከእጁ አልወጣም። የጠረገው ግን የአንድ ጥንድ ጫፍ ብቻ ነው። ለምን እዚያ አቆመ? እኔ ሁሉንም ዳብሻቸዋለሁ። የሌሎቹ ጫፍ እንደ አሮጌ ጥርስ ተበልቷል፤ ሰው ዓመት ሙሉ ተደግፎባቸዋላ። ይህን እዩት። ጠርዙ ከአናጢ እንደ ወጣ ነው። በነዚህ ክራንቾች ከባቡር ጣቢያው እዚህ ድረስ እንኳ የሄደ ሰው የለም።»

አሮጊቷ አማተቡ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ኮሚሳሩ፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። «ሽባ ሆነህ አታውቅም። ገበዙ ይህን አይቶ ነገ እንዲናገር መተው አልቻልክም። በቁልፍህ ገብተህ፣ ከደጅ ባነሳኸው መስቀል አናቱን ብለህ፣ ክራንቹን ሰቅለህ፣ መስቀሉን ለተሳላሚ አሳልፈህ ሰጠህ። ሁለቴ አንድ ዓይነት ስህተት ሠራህ፤ ሰው የሚያየውን ታሳምራለህ፣ መሬት የሚነካውን ትረሳለህ።»

ሴባልድ ጮኸ። «ጳጳሱ ፊት ክራንቹን አንስቼ አሳያለሁ አለኝ! አሥራ አራት ዓመት! ስንቱ ሽባ እኔን አይቶ ተስፋ አድርጎ መጣ!»

«ስንቱስ ሽባ እንደሆነ ተመለሰ?» አለ ኮሚሳሩ።

ፖሊስ ሴባልድን እየጎተተ ሲያወጣው ኮቱን ሲስሙ የነበሩት ሴቶች ከበሩ ላይ ዘወር አሉ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። የባሰው ግን የአባ ኢግናዝ ነበር። ኮሚሳሩን ክንዱን ይዘው በሹክሹክታ «ነገ ጳጳሱ አሉ... ክራንቾቹ እስከ በዓሉ ማግሥት እዚያው ግድግዳ ላይ ቢሰነብቱ ምን አለበት?» አሉ። ኮሚሳሩ የታኘከውን ክብሪት አባ ኢግናዝ እግር ሥር ተፍቶ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላስጠላኝም።

ፖሊሱ እናቴን ለቀቃት። ዘልዬ አጠገቧ ደረስኩ።

«አየሽ እማዬ? እኔ ጫማውን ባላበራው ኖሮ ገዳዩ አይያዝም ነበር! በኔ ነው የወጣሽው! ከተማው ሁሉ ስለኔ ነው የሚያወራው!»

እናቴ ቀሚሷን አራገፈች።

«ከቀትር ጀምሬ ፖሊስ ራሴ ላይ ቆሞ ስቀመጥ» አለች «ቁራሽ ዳቦ ያመጣችልኝ ክሬሰንዝ ናት።»