የሐሙስ ጥያቄ

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል። ታማንዳ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

በማላዊዋ ብላንታየር ከተማ በምትሠራበት ሆስፒታል ዳሌያቸው የታመመ ልጆች ጉዳይ ሐሙስ ሐሙስ ይታያል። ቀዶ ሐኪሟ፣ ነርሷ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ታማንዳና ጄሶ የሚያስረው ሊምባኒ አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ እያንዳንዱ ልጅ ይመክራሉ።

አንድ ሐሙስ የተነሳችው ቺሶሞ ነበረች። ዳሌዋ ከመጋጠሚያው የወጣ፣ ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ የታሰረች የዓመት ተኩል ልጅ ናት። እናቷ ሁለት ቀጠሮ ቀርታለች። ጄሶው ለማዘል አልመች ብሏት፣ ልጇን ይዛ ሚኒባስ መሳፈር አቅቷት ነው።

«ለመሆኑ ይህን ጄሶ ያሰረ ሰው ልጅ አዝሎ ያውቃል?» አለች ታማንዳ።

ሁሉም ሳቁ። ሊምባኒ ብቻ አልሳቀም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንጎውን ሲያካፍላት የኖረ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ይላት ጀመር። «እንደምን አደሩ፣ እህት ታማንዳ» ሲላት ከስድብ ይብስባታል።

በሦስተኛው ሳምንት ነርሷ ወሬ ይዛ መጣች።

«ያንቺ ሰው ወደ ሙዙዙ ከተማ ልዛወር ብሎ አመልክቷል አሉ።»

«የእኔ ሰው? ማን ነገረሽ?»

«ዓይንሽ ነዋ!»

ታማንዳ መቀመጥ አቃታት። የልምምድ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ዘረጋች፣ መልሳ ጠቀለለች። ትወደዋለች። ይህን የተረዳችው ሊሄድባት ሲል መሆኑ ደግሞ አበገናት።

ዓርብ ጠዋት ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ብትወጣ፣ ሊምባኒ ቺሶሞን በእናቷ ማዘያ ጨርቅ፣ በቺቴንጄዋ፣ አዝሎ ወዲያ ወዲህ ይላል። ትናንት ከሐኪሟ ጋር ተማክሮ፣ የልጅቷን እግሮች ለማዘል እንዲመች ከፈት አድርጎ ጄሶውን እንደ አዲስ አስሮታል። ቺሶሞ ጆሮውን ትጎትታለች።

«ያንን ጥያቄ አሁን ይጠይቁኝ» አላት።

«እርስዎ አትበለኝ!» አለችው። «በሰው ፊት አዋረድኩህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን እኔን ሸሽተህ አትሂድብኝ።»

ሊምባኒ የጨርቁን ቋጠሮ አጠበቀ።

«እውነትሽን እኮ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።»

ታማንዳ ጫማዋን እያየች፣ «አጎቴ እሑድ ቤታቸው ነው የሚውሉት» አለች። በእነሱ ዘንድ ጋብቻ የሚጠየቀውም የሚፈቀደውም በአጎቶች በኩል ነውና፣ አንዲት ሴት ከዚህ በላይ አትናገርም።

እሑድ አጎቷ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብድግ ስትል አረፈደች። በመጨረሻ የሊምባኒ አጎት መጡ።

«ልጃችን የዝውውር ማመልከቻውን መልሶ ወስዷል፤ የትም አይሄድም» አሉ።

የታማንዳ አጎት ፊታቸውን አልፈቱም። «መልካም። ለመሆኑ ምን ይችላል?»

የሊምባኒ አጎት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጅ ማዘል ይችላል።»

አጎቶች ሲነጋገሩ የሴት ልጅ ድምፅ መሰማቱ ነውር ነው። ታማንዳ ግን ሳቋ አመለጣት።