የተሰፋው ካባ

ኢንስፔክተር ፌሊዝሚና ቫላዳሽ ግቢው ሲደርሱ ሟቹ በራሱ ጥቁር ካባ ተሸፍኖ በጀርባው ተንጋሏል። ከበላዩ ያለው የብርቱካን ዛፍ አበባውን ያራግፋል፤ ካባው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ የፖሊሶቹ ቆብ ላይ ሳይቀር ነጭ ነጭ ነገር ተበትኗል። ሰዓቱ ገና አሥራ ሁለት አልሞላም። የፖርቱጋሏ ከተማ ኤቮራ ከቀትር እንቅልፏ ነቅታ ወንበሯን ወደ ደጅ የምታወጣበት ሰዓት ነው።

«አይድከሙ፣ ያለቀ ጉዳይ ነው» አላቸው ሳጅን ጁስቲኖ። ጁስቲኖ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ገዳዩን የማወቅ በሽታ አለበት። «ቪሴንት ይባላል፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። አራት ሆነው ከኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሁድን እዚህ ሊያሳልፉ ጠዋት በባቡር መጡ። ቤቱን ተከራዩ። ማታ አደባባይ ላይ ሊዘፍኑ ነበር። ከምሳ በኋላ ከዚያ ሰገነት ወደቀ። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ ስለዚህ ሰው ደረቱን ይዞ ገፍቶታል። የገፋችውም ፍቅረኛው ናት። ካባውን ይዩልኝ!»

ኢንስፔክተሯ ተንበረከኩ። ካባው ጀርባ ላይ፣ ልክ መሐሉን፣ ስንዝር የምታህል ቀዳዳ በጥቁር ክር ተሰፍታለች።

ኮይምብራን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል። እዚያ ግን የተማሪ ካባ አይታጠብም፣ አይቀየርም፤ ይቀደዳል እንጂ። በግራ በኩል ቤተሰብ ይቀድዳል፣ በቀኝ ጓደኛ፣ የጀርባውን መሐል ደግሞ ፍቅረኛ በጥርሷ ትቀድዳለች። ፍቅሩ ሲያልቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ ካባ የለበሰ ልጅ የልቡን ወሬ በጀርባው ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። የፌሊዝሚና እናት አርባ ዓመት ሙሉ የእነዚህን ልጆች ካባ ሲሰፉ ኖረው ነው የሞቱት። ጁስቲኖም የእህቱ ልጅ እዚያ ስለምትማር ልማዱን ያውቃል።

«ምሳ ላይ በሰው ፊት ተጣሉ» አለ። «ተለያዩ፣ ቀዳዳው ተሰፋ፣ ልጁ ወደቀ። አለቀ።»

«መቼ ተሰፋ?»

«እ?»

«ተሰፋ አልክ እኮ። መቼ? የት? በማን እጅ?»

ጁስቲኖ ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። ኢንስፔክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን በቅርብ አዩት። አንዲት ነጭ የአበባ ቅጠል ከክሩ ሥር ተይዛለች። በጥፍራቸው ነካ አደረጓት፤ አልወጣችም። ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ።

መጀመሪያ ያነጋገሩት ፍቅረኛውን ሊዮኖርን ነው። ልጅቷ ወጥ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በልቅሶ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ፣ ልጄ?»

«በዓሣ» አለች። «ከኮንስታንሳ ሳህን፣ በራሷ ሹካ ሲጎርስ አየሁት። ቀናሁ። አዎ ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ? ሳህኔን ገፍቼ ወጣሁ። እስከ ድሮው የውኃ ማምጫ የድንጋይ ቅስት ድረስ ብቻዬን ስዞር ነበር።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

«ካባውንስ ለምን ሰፋሽው?»

«ምኑን?» ሊዮኖር ቀና አለች። ነገሩ ሲገባት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ተሰፍቷል? እኔ አይደለሁም! እኛ እኮ አልተለያየንም፣ ኩርፊያ ነው! ደግሞም እኔ ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም። የካባዬን ውስጥ ይዩት፣ ዓርማዎቹን በሙሉ የሰፋልኝ እሱ ነው።»

ተማሪዎቹ በሄዱበት ከተማ ሁሉ የከተማውን ዓርማ ገዝተው ካባቸው ውስጥ ይሰፋሉ። የሊዮኖር ካባ አሥራ አንድ ዓርማ ነበረው፣ ሁሉም በአንድ እጅ በሰፋፊው የተሰፋ። አሥራ ሁለተኛው፣ የኤቮራው፣ ከነወረቀቱ መዳፏ ውስጥ ተጨምድዷል።

«ስመለስ ትራሴ ላይ አገኘሁት» አለች። «ገዝቶ አስቀምጦልኝ ነው። በኋላ ሊሰፋልኝ ነበር።»

ኮንስታንሳ ረጅም፣ እርጋታ ያላት ልጅ ናት። የሊዮኖር የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ኮይምብራ ውስጥም አንድ ክፍል ይጋራሉ።

«ትወጂው ነበር?» አሏት ኢንስፔክተሯ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ።

«ለእሱ ዓሣ ነበር፤ ለእኔ ግን ዓመት ሙሉ የማስታውሰው ነገር ነበር። ይኼ መልስ ከሆነ ይኸው።»

«ምሳ ላይ ቀዳዳው ክፍት ነበር?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየቻቸው። ቪሴንት ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከኋላው ሳያውቅ የተነሣው ነው፤ ቀዳዳው አፉን ከፍቷል። ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ይላል። «ከዚያች ቀዳዳ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም» አለች። «ቅናት ነዋ!»

«ከዚያስ?»

«ከምሳ ስንወጣ ሦስታችን ዓርማ ገዛን፤ ባለሱቁ ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ነበር። ስምንት ተኩል ላይ እቤት ገባን፣ ካባችንን ፎቁ ላይ ሰቀልን። እኔ መኝታ ቤት ዘግቼ አለቀስኩ። ዓርማዬ እስካሁን ከቦርሳዬ አልወጣም።»

የመጨረሻው ባልታዛር ነው፤ ሬሳውን አግኝቶ ፖሊስ የጠራው እሱ ነው። ሰውን የሚያባብል፣ ወፈር ያለ ድምፅ አለው።

«እቤት እንደገባን አልጋዬ ላይ ወደቅሁ» አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንለማመድ ብዬ ስነሣ ቪሴንት የለም። ወደ ግቢው ስወጣ እንደዚያው ተሸፍኖ አገኘሁት።»

«ዘፋኙ አንተ ነህ?»

«እኔ እዘፍናለሁ፣ እሱ ጊታር ይመታል።»

«የኮይምብራ ልጅ ፍቅሩን የሚገልጸው በመስኮት ሥር በዘፈን ነው። ለሊዮኖርስ የዘፈነላት ማነው?»

«ድምፅ የሌለው ልጅ ጓደኛውን ያዘፍናል። ልማድ ነው።»

«ልጅቷም ከወደደች መብራቷን ሦስቴ አብርታ ታጠፋለች።»

«አጠፋች።»

«ለማን?»

«ለእሱ» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«እስቲ ካባህን።»

ኢንስፔክተሯ የካባውን ውስጥ ገልብጠው አዲሱን ዓርማ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ጥሩ እጅ ነው። ማን አስተማረህ?»

«አያቴ። የጀልባ ሸራ ሰፊ ነበር።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ፎቁ ላይ ተሰበሰቡ። ጁስቲኖ ካቴናውን ይዞ ከሊዮኖር ወንበር ኋላ ቆሟል።

«ሳጅን ሊዮኖርን ልሰራት ይላል» አሉ ፌሊዝሚና። «ተጣልታለች፣ ብቻዋን ስትዞር ያያት የለም፣ የተሰፋውም ቀዳዳ የእሷው ነው። ያ ስፌት ሃያ ዓመት ሊያሳስራት ይችላል።»

«እሷ አይደለችም!» ባልታዛር ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

ባልታዛር ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ልንገራችሁ። ሰባት ከሩብ ላይ ቀዳዳው ክፍት ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ካባው እዚህ ፎቅ ላይ ተሰቀለ። ወደ ግቢ የወረደው ሟቹን ለመሸፈን ብቻ ነው። ታዲያ ከስፌቱ ክር ሥር የብርቱካን አበባ ተይዟል፤ ከላይ ወድቆ ያረፈ ሳይሆን ክር የጠፈረው። ብርቱካን ደግሞ በዚህ ሰፈር ያለው እዚያ ግቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ካባው የተሰፋው ከዛፉ ሥር፣ ልጁ ከሞተ በኋላ ነው።»

ኮንስታንሳ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

«ሌላ አገር ያለ ገዳይ ይሸሻል። ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ የቅናት ቀዳዳ የሚሰፋ ኮይምብራ ውስጥ ካልሆነ የት ይገኛል? እንግዲህ ማን ነው? ሊዮኖር መስፋት አትችልም። ኮንስታንሳ ሳለቅስ ነበር ብላለች፤ ብትዋሽ እንኳ ሌላ ነገር አለ። እናቴ ስፌት እንደ ፊርማ ነው ይሉ ነበር። ያቺ ቀዳዳ በየሦስተኛው ስፌት ተቋጥራለች። ካባ ሰፊ እንዲህ አይሠራም። ሸራ ሰፊ ነው የሚቋጥረው፣ ነፋስ አንዱን ቢበጥሰው ሌላው እንዳይተረተር። የባልታዛር አዲስ ዓርማም በየሦስተኛው ተቋጥሯል።»

«የእኔ ስፌት ከሆነ ምን ይሆናል?» አለ ባልታዛር። ያ የሚያባብል ድምፅ ሻክሯል።

«ዓርማውን የገዛኸው ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። እቤት እንደገባህ እስከ አሥራ አንድ ተኝቼ ነበር አልከኝ። ታዲያ በእንቅልፍህ ነው የሰፋኸው፣ ልጄ?»

ባልታዛር ዓይኑ ወደ ሊዮኖር ሄደ፣ ከዚያም ካቴናው ላይ አረፈ። ያቺን ልጅ ከቪሴንት ለመንጠቅ የሰፋው ስፌት እሷኑ ወህኒ ሊያወርዳት መሆኑ አሁን ነው የገባው።

«ሰገነት ላይ ዓርማዬን እየሰፋሁ ነበር» አለ። «ጊታሩን ይዞ መጣ። እየሳቀ፣ ‹አኩርፋኛለች፣ ዛሬ ማታ ያቺን ዘፈን ዝፈንልኝ፣ አንተ ስትዘፍን ልቧ ይሸነፋል› አለኝ። ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት። በእኔ ድምፅ ወስዷት፣ አሁንም ድምፅህን አውሰኝ ይለኛል! ደረቱን ይዤ ገፋሁት። እንዲሞት አላሰብኩም። ስወርድ አይተነፍስም። ካባውን አምጥቼ ሸፈንኩት። ቀዳዳዋ አፏን ከፍታ አየችኝ። በሞቱም የእሷ ነው ሊባል ነው። መርፌው ከነክሩ የኮቴ ደረት ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ሰፋኋት።»

ጁስቲኖ ካቴናውን ወደ ባልታዛር ወሰደ።

«ቆይ» አለች ሊዮኖር። ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ያን ቀን ድምፁ የአንተ መሆኑ የጠፋኝ መሰለህ? ገና አፍህን ስትከፍት ነው ያወቅሁህ። ጊታሩ ግን ሦስት ቦታ ተሳሳተ። በመስኮት አየሁት፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መብራቱን ያበራሁት ለዚያ እጅ ነው።»

ጁስቲኖ የባልታዛርን ክንድ ይዞ በደረጃው አወረደው።

ሊዮኖር ደረጃው ጸጥ እስኪል ጠበቀች። «ኢንስፔክተር፣ እንደዚያ ተሰፍቶ አይቀበር» አለች። «ተለያይተው ነበር እንዳይባል።»

«ምርመራው ሲያበቃ እኔው ተርትሬ ለእናቱ አደርስላቸዋለሁ» አሉ ፌሊዝሚና፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ቋጠሮው ብዙ ነው። ትንሽ ታገሺኝ።»