ተሸናፊው ይጽፋል

በጋዜጣችን እርማት የሚሠራው በሁለት ሰው ነበር። አንዱ የጸሐፊውን ረቂቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ለኅትመት የተዘጋጀውን ገጽ በዓይኑ እየተከተለ የተገደፈውን ይይዛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አብራኝ የምታርመው ልጅ ታማ ቀረች። ዋና አዘጋጇ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት ሴት፣ ከክፍሏ ብቅ ብላ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ጠራችና ለዚህች ልጅ ተቀምጠህ አንብብላት አለችው።

ያ ሰው የርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊው ነበር። ነጠላ ሰረዙንም፣ አራት ነጥቡንም፣ የጥቅስ ምልክቱንም ሳይዘል ያነባል። የቀብር ማስታወቂያውንና የእግር ኳሱን ውጤት እኩል አክብሮ አነበባቸው። በቢሮው «ድርብ ሰረዝ» ይሉት ነበር፤ ሲናገር መሃል ላይ ቆሞ ያስባል፣ ሰዎች ጨረሰ ብለው ሲነሱ ይቀጥላል። እኔም የዚያን ዕለት ጨረሰ ብዬ ከገጹ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

«አልጨረስኩም» አለ።

«እኔም አልተነሳሁም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ባልደረባዬ ድና ብትመለስም እሱ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ጀመር። ማታ ማታ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ አብረን እንወርዳለን። ብዙ አያወራም። የተናገረውን ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው እቤት እደርሳለሁ።

ያሳደገኝ ወንድምጋሼ ነው። ወላጆቻችን ሲሞቱ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ የመኪና መለዋወጫ መደብር ገባ፤ እኔን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። ቁጡ ነው፣ ግን ለሰው ሟች ነው። ጸሐፊው ቤታችን መጥቶ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ ወንድሜ እንደ መርማሪ ፖሊስ ከላይ እስከ ታች ፈተሸው። እንግዳው ሲሄድ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ልጁ ምላሱን ቤት ረስቶ የመጣ ነው የሚመስለው፣ ደግነቱ አንቺ ለሁለት ታወሪያለሽ አለኝ። ሚስቱ ደግሞ ዓይኑ እንዴት ያምራል ስትል አመሸች። ሰርጉ ምርጫው ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ወንድሜ የሠፈራችን የምርጫ ቅስቀሳ አስተባባሪ ስለነበር ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበረውም።

ለሥልጣን የሚፎካከሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የቀድሞ ዳኛ፣ ሌላው መሐንዲስ። ወንድሜ የመሐንዲሱ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ምርጫ ከዚያ በፊት አላየሁም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከማንሳቱ በፊት ደንበኛው የማን ወገን እንደሆነ ይጠይቃል። በአውቶቡስ ውስጥ ሰው የያዘውን ጋዜጣ አይተው አጠገቡ የተቀመጡት ይነሳሉ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ሰላምታ አቆሙ፤ ልጆቻቸው እንኳ ለየብቻ መጫወት ጀመሩ።

ጋዜጣችን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የትኛውን ዕጩ እንደሚደግፍ በርዕሰ አንቀጹ የማስታወቅ የቆየ ልማድ ነበረው። የሚወስኑት እትዬንና ጸሐፊውን ጨምሮ አምስት አዘጋጆች ናቸው። በር ዘግተው ይከራከራሉ፣ እጅ ያወጣሉ፤ ማን በየት በኩል እንደነበር ከክፍሉ አይወጣም። ርዕሰ አንቀጹም ስም የለበትም፤ የአምስቱም ነው። እትዬ አንድ ሌላ ደንብ ነበራት። እንዲህ ያለውን ርዕሰ አንቀጽ የሚጽፈው በድምፅ ከተሸነፉት አንዱ ነው። ያሸነፈው ከጻፈው ፉከራ ይሆናል ትላለች፤ የተሸነፈው ግን የሚመጣበትን ክርክር ስለሚያውቀው ተጠንቅቆ ይጽፋል።

ይህንን ሁለተኛውን ደንብ እኔ አላውቅም ነበር። ያወቅኩት የዚያን ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ነው።

ጸሐፊው ረቂቁን ይዞ እርማት ክፍል ገባ፤ እኔም ገጹን ዘረጋሁ። ሁለት አንቀጽ እንዳነበበ አስቆምኩት። ጽሑፉ ለዳኛው የሚቆም ነበር። እሱ ግን ድምፁን ለመሐንዲሱ እንደሚሰጥ፣ ምክንያቱንም ጭምር፣ ፌርማታው ላይ ቆመን ነግሮኝ ነበር።

«ይሄ ያንተ ሐሳብ አይደለም» አልኩት።

ደንቡን ነገረኝ። ሦስት ለሁለት ነው አለ። እሱና የኢኮኖሚ ገጽ አዘጋጁ ተሸነፉ፤ ብዕሩ ለእሱ ደረሰው።

«ለወንድሜ ምን ልበለው?»

«ምንም አትበዪው።»

ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ። ድምፁ አልተለወጠም። አንድም ነጠላ ሰረዝ አልዘለለም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው ከየአዟሪው እጅ አለቀ። ገሚሱ ሊያነበው፣ ገሚሱ አደባባይ ላይ ሊያቃጥለው ነው የገዛው። ጽሑፉ እንደ ስድብ ቢሆን ኖሮ ሰው ሰድቦ ይተወው ነበር። ችግሩ ጥሩ መሆኑ ነው። የመሐንዲሱ ሰዎች ሲያነቡት ልባቸው የሚያውቀውን ድክመት ስሙን ጠርቶ ያሳያቸው ነበር፤ ይቅር ያላሉትም ይህንን ነው። ዘወትር ርዕሰ አንቀጽ የሚጽፈው እሱ መሆኑን ከተማው ያውቃል። ጽፎታል፣ እንግዲህ አምኖበታል ማለት ነው ተባለ።

ወንድምጋሼ አልጮኸም። ምሳ ላይ ጋዜጣውን አጥፎ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። የወንድሜ ሚስት ቀድሞውንም ዓይኑ ደስ እንዳላላት ነገረችን።

በማግሥቱ ወንድሜ ጠራኝ። ሌሊቱን አልተኛም፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«እታለም፣ ስብሰባ ነው፤ ሁሉም አይስማማም» አለ። «እሱ ካልተስማማ በጆሮዬ ይንገረኝ። ከእኔ አያልፍም። ሰርጉ በቀኑ ይሆናል፤ እሱንም ማንም ጫፉን አይነካውም።»

«ከተስማማስ?»

«እንግዲያው በደጄ አይለፍ። አንቺም ከእኔና ከእሱ ትመርጫለሽ።»

እኔ መልሱን አውቃለሁ። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ባል ይኖረኛል፣ ወንድም ይኖረኛል። ግን ቃሉ የእኔ ስላልነበረ ይዤው ወደ ጸሐፊው ሄድኩ።

እስከዚያ ሌላ ነገር ደርሶ ነበር። የኢኮኖሚ ገጽ አዘጋጁ ፈርቶ ሻይ ቤት ውስጥ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ተናገረ። ወዲያው ወሬው ተዛመተ፤ ጎረምሶች የቀሩትን የአራቱን ስም እየጠሩ ከሕንጻችን በታች መጮህ ጀመሩ። ከአራቱ አንዷ፣ የሴቶች ገጽ አዘጋጇ፣ ሁለት ሕፃናት ያሏት ናት፤ የመኝታ ቤቷ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ።

ጸሐፊውን ደረጃው ላይ አገኘሁትና ወንድሜ ያለውን ነገርኩት። ቆሞ አሰበ። አላስቸኮልኩትም፤ እንደሚቀጥል አውቃለሁ።

«እኔም የለሁበትም ካልኩ ሦስቱ ብቻቸውን ይቀራሉ» አለ። «ያን ጊዜ መገመት አያስፈልግም። ቤታቸውን መፈለግ ብቻ ነው።»

«ለሰው አልናገርም ብሏል። ወንድሜ ቃሉን ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል። ለሠፈሩ ጎረምሶችም አትንኩት ይላቸዋል። ለምን ሲሉት ምን ይመልሳል?»

ወደ እኔ አይመለከትም ነበር፤ የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ ታች ያያል። እጄን እጁ ላይ አደረግኩ። ከዚያ በፊት በቢሮ ውስጥ ነክቼው አላውቅም።

ማታ ለወንድሜ መልስ እንደሌለው ነገርኩት።

«መልስ የሌለው ሰው መልሱ ይታወቃል» አለና ተነሥቶ መኝታ ቤቱ ገባ።

ድምፅ በሚሰጥበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ለሻይ ወጣ ብሎ ነበር። እኔ ፎቅ ላይ በመስኮቱ በኩል አየዋለሁ። የመሐንዲሱን ኮፍያ ያደረጉ ጎረምሶች ፌርማታው ላይ ከበቡት። አንዱ የተጠቀለለ ጋዜጣ አሳየውና የሆነ ነገር ጠየቀው። በኋላ ፌርማታው ላይ የሚቆመው ጋዜጣ አዟሪ እንደነገረኝ «አንተ ነህ ወይ የጻፍከው?» ነው ያለው። እሱም «እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው።

ደረጃውን ወርጄ እስክደርስ ሄደው ነበር። የቀረውን አልጽፈውም።

በምርጫው ዕለት ራሱን በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ድምፅ አልሰጠም። መሐንዲሱ አሸነፈ፤ ከመስኮቱ ሥር መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ አለፉ፣ ሰው ጨፈረ። ነርሷ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ተዪው አላት። ያሸነፈው እሱ ሊመርጠው ያሰበው ሰው መሆኑን በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከጭፈራው መሃል ወንድምጋሼ መጣ። ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ከትቶታል፤ ጫፉ ግን ይታያል። አልጋው አጠገብ ቆመ።

«ልጆቹ የኔ ሠፈር ልጆች ናቸው» አለ። «እኔ አላዘዝኳቸውም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ዛሬም አንድ ቃል ትበቃኛለች። በየት በኩል ነበርክ?»

ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሜ ሲጠብቅ ቆየና አይመልስም ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ያኔ ነው የተናገረው።

«እሱን አይጠይቁኝ፣ ጋሼ። እህትዎን ግን እለምንዎታለሁ።»

ወንድሜ ጀርባውን እንደሰጠ ቆሞ «አልሰጥህም» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም «አልከለክልህምም» ብሎ ወጣ።

ፋሻው ሲፈታ በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። የእኔ ምስክር እትዬ ነበረች፤ የእሱ ምስክር ጋዜጣ አዟሪው። ከወንድሜ ቤት ልብሴን ይዤ ስወጣ የወንድሜ ሚስት አልቅሳ አንድ አንሶላ ሰጠችኝ። ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ ቀኑን ሙሉ ወለላችን በስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል። ቀኝ ዓይኑ አያይም፤ ግራው ትንንሽ ፊደል ይከብደዋል። ስለዚህ ማታ ማታ የማነበው እኔ ሆንኩ። ነጠላ ሰረዝ ከዘለልኩ ይይዘኛል። ደስተኞች ነበርን። ይህንን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ዝርዝሩ ለእኔ ይቅር።

በሁለተኛው ክረምት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ያልለቀቀው ራስ ምታት ጠናበት። አንድ ቀን ጠዋት ስቀሰቅሰው አልነቃም።

ወንድሜ ቀብሩ ላይ አልመጣም። ዓመት ካለፈ በኋላ በሬን አንኳኳ፤ ገብቶ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል። ስለ መለዋወጫ ዋጋ ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ ያማርራል። ስለዚያ ጊዜ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ጸሐፊው ያልተናገረውን እኔ የምናገርበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ዳኛውን የደገፉት ሦስቱ በሕይወት ነበሩ፣ ወንድሜም አሁንም የመሐንዲሱ ፓርቲ በሚጠራው ስብሰባ ሁሉ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው።

ዓመታቱ ሦስቱን አንድ በአንድ ወሰዷቸው። የመጨረሻዋን፣ እትዬን፣ ዘንድሮ ቀበርን። በቀጣዩ እሑድ ወንድምጋሼ በከዘራው እየተደገፈ መጥቶ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነገርኩት። ደንቡንም፣ ሦስት ለሁለቱንም፣ ፌርማታው ላይ የነገረኝንም።

ያቀረብኩለትን ሻይ ገፋ አደረገው። ሸምግሏል።

«የኛ ሰው ነበራ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ወላጆቻችን ከሞቱ ወዲህ አላየሁም። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፣ እታለም? ማን ይነካው ነበር? አንድ ሰው ጫፉን አይነካውም ነበር።»

«ሌሎቹንስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በቁጣ አልጠየቅኩትም፤ ቁጣው ካለፈ ቆይቷል። እንዲመልስልኝ ግን ፈልጌ ነበር።

«ሌሎቹንማ…» አለና ቆመ። ጠበቅኩት። እንባውን በመዳፉ ጠረገ፤ ከታች የስፌት መኪናው ይሰማል። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሊሄድ ሲነሣ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። በማግሥቱ አብረን ሄድን። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ክንዱን ያዝኩት፤ ሁለቴ አረፍን። ስንደርስ አንቺ እዚህ ቆዪ አለኝ፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ባርኔጣውን አውልቆ በከዘራው ተደግፎ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ተናገረ። ነፋስ ስለነበር አንድም ቃል አልደረሰኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳለው አልጠየቅኩትም። የሁለቱ ነው።