የሰረዝኳቸው አሥራ አንድ ቀረጻዎች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። "በድምፅ ቀድተሽ ላኪልን" ያላችሁኝ፣ ይቅርታ... መጻፍ ይሻለኛል።

ደግሞ በውድቅት ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ ቦግ ባለችበት ስቱዲዮ ውስጥ ነው።

የወጣት ሙዚቃ በሚለቅ ኤፍኤም ጣቢያ አቅራቢ ነኝ። የቅዳሜ ስድስት ሰዓት ፕሮግራም ሰባት ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር።

ከዚያ ትንሿ መጣች።

ትንሿ የምንላት በዕድሜ ከሁላችንም ስለምታንስ ነው። እኔ የምናገረውን ጽፌ፣ አጥንቼ ነው ማይክ ፊት የምቀርበው። እሷ ምን በወጣት! እንደመጣላት ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ዘፈን መሃል ጥልቅ ትላለች። አድማጩ አበደላት።

አለቃችንም "አንቺ ትንሽ ትከብጃለሽ፤ የዛሬ ልጅ እንደ ጓደኛ የምታወራውን ነው የሚፈልገው" ብሎኝ ሰዓቴን ለእሷ ሰጣት። እኔን ዜና አንባቢ አደረገኝ።

አንጀቴ አረረ። ፊት ለፊት "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት" እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ራዲዮ ከፍቼ ስህተቷን እለቅማለሁ። ቅናት ነው። አልዋሽም።

ያን ቅዳሜ ትንሿ ለእህቷ ሰርግ ሄዳ ነበር። ስለዚህ በዘፈኖቹ መሃል የምትናገረውን ሁሉ ዓርብ ቀድታ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጣለች። አሥራ አንድ ቀረጻ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬ ኮምፒውተሩ በየተራው ሲለቃቸው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ብቻዬን ነበርኩ።

አሥራ አንዱንም ሰረዝኳቸው... አንድ በአንድ።

"ተበላሽቶ ነው፣ እኔ ሸፈንኩላት" እላለሁ ብዬ ነው። አለቃዬ ይሰማኝና ሰዓቴን ይመልስልኛል።

ማይኩን ከፈትኩ። ቀዩ መብራት በራ።

ወረቀት አልያዝኩም። እንደ ትንሿ አወራሁ፣ እንደ ትንሿ ሳቅ ጣል አደረግኩበት። ሳቁ ግን... የእኔ አልመስል አለኝ።

ዘፈን ለቀቅኩ። የአድማጮች መልእክት ጎረፈ።

"ትንሿ፣ ዛሬስ ገደልሽን!"

"ትንሿዬ፣ ድምፅሽ ሲጥም!"

የእኔን ስም የጠራ አንድም የለም።

አለቃዬ በስቱዲዮው ስልክ ደወለ። "ትንሿ! ሰርጉን ተውሽው እንዴ?"

"ጋሼ... እኔ ነኝ እኮ።"

"አንቺ መሆንሽንማ... ድምፅሽ ይጠፋኛል? በርቺ!" ዘጋው።

ክው አልኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና በሹክሹክታ "አንድ... ሁለት..." አልኩ።

የትንሿ ድምፅ ነው የወጣው። ከእኔ አፍ።

በዚያው ስልክ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ እንኳን ንግግሬን፣ ሳሌንም ትለየዋለች።

"እማ..."

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ... ልጅሽ።"

"ተሳስተሻል የኔ እህት። ልጄ አየር ላይ ናት፤ ይኸው እየሰማኋት ነው። ሰዓቷን መለሱላት መሰለኝ፣ ተመስገን!"

ስቱዲዮው ውስጥ ዘፈኑ ገና አላለቀም። ማይኩ ዝግ ነው።

በስልኩ ውስጥ ግን... ከእናቴ ራዲዮ... የገዛ ድምፄ ይሰማል። ያወራል። ይጫወታል።

"እማ፣ እኔ አይደለሁም! ራዲዮኑን አጥፊው!" ብዬ ጮህኩ።

ራዲዮኑ ላይ ወሬው ቆመ።

ከዚያ ያ ድምፄ፣ ረጋ ብሎ...

"እማዬ... ስልኩን ዝጊው" አለ።

እናቴ ዘጋችው።

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሰው ማይክ ላይ ሲናገር ብቻ የምትንቀሳቀሰው የድምፅ መለኪያ መርፌ... ወጣች... ወረደች... ደግሞ ወጣች።