«ገላ» አለችኝ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ሶዶ ኑና እዚያ በር ላይ ቁሙ። እኔ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመለስም!

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከዳሞታ ተራራ የወረደ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም፤ ወላይትኛ አንድ ቃል አላውቅም። ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት ቤት ጥግ ተጠለልኩ። ግድግዳው ላይ «መግባት ክልክል ነው» ይላል። የበሩ መዝጊያ ግን ተነቅሎ ተወስዷል።

ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ገላ...»

ገላ? የምን ገላ? ሬሳ አግኝታ ነው?

«ገላ...»

የጤና ሰው ነኝ፣ እንዴት ዝም ልበል? ገባሁ።

ጣሪያው ተቀዳዶ ሰማዩ ይታያል... ዝናቡ ግን አይገባም። ድምፁም አይሰማም።

ወለሉ ተጠርጓል... ገና አሁን።

«ገላ...» አለች፣ ከሚቀጥለው ክፍል።

አንድ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ። ጮህኩ! የቤቱ ጠባቂ ጋሽ ጩማ ነበሩ። እየጎተቱ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ።

«ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባት ያስከስሳል» አለኝ ሳጅን ደገፉ። «ባዶ ቢሆንም ባለቤት አለው።»

«ሳጅን፣ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ከተከሰስኩ ከሥራ መባረሬ ነው!»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ገባህ?»

«አንዲት ሴት ‹ገላ› ስትል ሰምቼ...»

የጋሽ ጩማ ፊት አመድ መሰለ።

«ልጄ... ‹ገላ› በእኛ ቋንቋ ‹ግባ› ማለት ነው።»

ሳጅኑ ሳቀ። «እንግዲያማ ተፈቅዶልሃል! ተነስ፣ ሄደን እንጠይቃት። እውነት ከሆነ ክሱ ይቀራል።»

ሄደን በሩ ላይ ቆምን። ሳጅኑ ተጣራ።

ዝም...

አለቀልኝ አልኩ።

«ገላ...»

እውነቴን ነው፣ በደስታ ላለቅስ ነበር!

«ይኸው፣ ነፃ ነህ» አለኝ ሳጅኑ። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

ጋሽ ጩማ ክንዴን ጨበጡኝ።

«‹ገላ› ለአንድ ሰው ነው የሚባለው» አሉ በሹክሹክታ። «ለብዙ ሰው ‹ገሊቴ› ነው። እኛ ግን ሦስት ነበርን...»

ከዚያ ጮሁ። «ደገፉ! ውጣ!»



በሩ ፊታችን ክፍት ነው። መዝጊያ የለውም። ግን ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማን...

ከዚያም ከውስጥ ሲቀረቀር።